እርጥቡ ማልያ

ቀይ ጨርቅ ከነጭ ጋር ሲታጠብ ካየሁ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባሰብኝ። አንድ ወጣት ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለ ቡና ቤት አስቀምጦኝ፣ በደርግ ጊዜ እዚህ ሮማ የነበረንን የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ እየጻፈ መሆኑን ነገረኝ። የአሥራ አንዱም ተጫዋች ስም አለው። ማልያውን ማን እንዳጠበ ግን አንድም ቃል የለም።

ልንገራችሁ እንግዲህ። ወንዶቹ ከደርግ ሸሽተው የካናዳ ቪዛ የሚጠብቁ ነበሩ፤ የሚያድሩት አንድ ቄስ በሰጧቸው አዳራሽ ነው፣ ውኃ እንኳ በወረፋ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኞች ነን። ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓት ስለነበር ጨዋታውም ሐሙስ ነበር። ሲያልቅ እያንዳንዳችን አንዳንድ ማልያ በቦርሳችን ይዘን እንሄድና፣ በየአሠሪያችን፣ በየሲኞራችን ቤት ተደብቀን አጥበን በሳምንቱ እንመልሳለን። አንዷ ከቀረች አንዱ ተጫዋች ራቁቱን ነው። የእኔ ድርሻ ሰባት ቁጥር ነበር። ለባሹን ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ እወደው ነበር።

ሁልጊዜ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጄ ነበር የማጥበው። የዋንጫው ጨዋታ ሳምንት ግን ሲኞራዋ እንግዳ አብዝታ ፋታ አሳጣችኝ። ሐሙስ ጠዋት ቀዩን ማልያ ከባልዋ ነጭ ሸሚዞች ጋር ማሽን ውስጥ ወረወርኩት። ሸሚዞቹ በሙሉ ሮዝ ሆነው ወጡ። ሲኞራዋ አልጮኸችም። «አሎራ፣ እንግዲህ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝና በሩን ከፍታ ቆመች። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሷ ሥራ የተሰጠኝ ነበር፤ ሥራው ሲሄድ ወረቀቱም አብሮ ሄደ።

ሻንጣዬን በአንድ እጄ፣ የሚንጠባጠበውን ማልያ በሌላው ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሜዳው ደረስኩ። ዳኛው ያለ ማልያ አይገባም ብሎት ሰባት ቁጥር መስመር ዳር ቆሟል። እርጥቡን እንዳለ አጠለቀው። ብርዱ ሲነካው ትንፋሹ ቁርጥ አለ።

«ምን ሆነሽ ዘገየሽ?» አለኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀም። ሻንጣዬን አላየውም ይሆናል። ወይም አይቶ ዝም ብሏል፤ የትኛው እንደሚያናድደኝ እስካሁን አልለየሁም።

ከዚያ ለፎቶ ተደረደሩ። አምበሉ እጁን እያወናጨፈ፣ «ሴቶች፣ ገለል በሉ እስቲ፣ ፎቶው የቡድኑ ነው» አለ። የቡድኑ! እኛ ታዲያ ምን ነበርን? ገለል አልን። እኔ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ዋንጫውን በሉ። እኔ ያለ ወረቀት ስንት ጊዜ ጓደኛዬ የምትሠራበት ቤት ተሸሽጌ ኖርኩ። ሰባት ቁጥር ቪዛው ወጣለት። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ማልያውን በፌስታል ይዞ መጣ፤ ለሚተካው ልጅ እንዳጥብለት። ምንም ያልደረሰብኝ ይመስል እኔም ተቀበልኩት! አጠብኩትም። ያናደደኝ ይኼ ነው፤ አጠብኩት።

ወጣቱ ያንኑ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አወጣ። ሁሉም ማልያ ፈካ ብሏል፣ የአንዱ ብቻ ጠቁሯል።

«እማማ፣ ፎቶው እዚህ ጋ ተበላሽቶ ነው?» አለኝ።

«አልተበላሸም። እርጥብ ነው። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ጻፈው» አልኩት፤ ቡና ቤቱ ሁሉ በድምፄ ዞሮ አየኝ።

እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ «ስምዎን ማን ልበል?» አለኝ። ነገርኩት። እሱ እየጻፈ እኔ ጣቴን በዚያ ጠቆር ባለው ማልያ ላይ አሳረፍኩ። የፎቶው ወረቀት ደረቅ ነበር።