እሺ ሳንባል አንቀመጥም

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ከባርኔአ ሰፈር በሚመጣው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ስልኬ ላይ የእማማ ጥሩወርቅ የድምፅ መልእክት ገባ። እማማ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ መልእክት ሲልኩ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ ይጮኻሉ። «ያለሜ! የሙሉን ልጅ እንግሊዝኛ ታችኛው ክፍል አስገቧት! ነገ ጠዋት ለአንቺ እንደቆምነው ልንቆምላት ነው። ደህና ልብስ ልበሺና ነይ!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሰማ። አንድ ወታደር ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለሙሉ ልጅ ብቻ አይደለም፤ «ለአንቺ እንደቆምነው» በሚለው ነው። ይህንን ነገር በየሠርጉና በየሐዘን ቤቱ ያወሩታል። እኔም በሰማሁት ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ የምጽፈውም እማማ ፊደል ስለማይቆጥሩ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከጎንደር ስንመጣ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ስለዚህ ኤ ቢ ሲን ያወቅሁት ከዕብራይስጡ አሌፍ ቤት በፊት ነው። ይህንን እዚህ አገር ማንም አይጠይቅም። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን የሚሰማው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይመስላቸዋል። የቀረውን ያስተማረኝ ቴሌቪዥን ነው፤ ከአሜሪካ ድራማዎች ግርጌ የሚሄደውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ በትራስ እየሸፈንኩ አደግሁ። እናቴ «ይህች ልጅ ትራስ አቅፋ ምን ታያለች?» ትል ነበር።

ጎረቤት እንግሊዝኛ ይጠይቀኝ የጀመረው ደረጃ ላይ ነው። ከእማማ ፊት ለፊት ያለ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት የምታስታምም ህንዳዊት ትኖር ነበር። ህንዳዊቷ ዕብራይስጥ አትችልም፣ እማማ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ሁለቱም ግን በርበሬ የሌለው ምግብ እንደ ሕመም ነው የሚቆጥሩት። አንድ ቀን እማማ ሳህን ይዘው ደረጃው ላይ ያዙኝና «‹ቅመሺ›ን በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምላት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በማግስቱ «‹ለምን ሳህኔን ባዶ መለስሽ› እንዴት ነው?» አሉኝ። ይህ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ከዚያ ጋሼ በላይ ተጨመሩ፤ የፋብሪካ ጥበቃ ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ኮርስ ለመግባት ፈልገው መመሪያው በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኖባቸው ነው። ከዚያ ከአጋሚም ሰፈር ሙሉ መጣች፤ ያኔ ገና ወጣት እናት ነበረች፤ ኮሌጅ ለመግባት የሚፈተኑትን ፈተና ታጠናለች። ደረጃው ሲጠበን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሕንጻው የቦምብ መጠለያ ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን። ሲረን ቢነፋም የሚያንቀሳቅሰን የለም፤ እዚያው ነን። ጋሼ በላይ በፌስታል መንደሪን ይዘው ይመጣሉ፣ ሙሉ ቆሎ ታመጣለች። የመንደሪን ልጣጭ ሽታና የመጠለያው እርጥበት ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ለእኔ የእንግሊዝኛ ሽታ እሱ ነው።

«ቲቸር፣» ይሉኝ ነበር ጋሼ በላይ እያሾፉ፣ «እነዚህ ሰዎች በየቃሉ ፊት ዘ፣ ዘ፣ ዘ የሚሉት ምን ሆነው ነው? ንብ ናቸው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ‹ሰው መጣ› እና ‹ሰውዬው መጣ› አንድ ነው?»

«እንዴት አንድ ይሆናል! ሰውዬውንማ አውቀዋለሁ።»

«በቃ፣ ዘ ማለት እሱ ነው። እኛ ጭራው ላይ እንቀጥለዋለን፣ እነሱ ግንባሩ ላይ።»

ሙሉን የሚያስለቅሳት «ሜክ» እና «ዱ» ነበር። መጽሐፉ ዝርዝር ደርድሮ «ሸምድጂ» ይላል። እኔ መሸምደድ አልወድም። ሳስብ ቆየሁና «ወጥ ስትሠሪ በመጨረሻ ወጥ አለሽ፤ ሜክ ነው። ዕቃ ስታጥቢ በመጨረሻ ያለሽ ድካም ነው፤ ዱ ነው» አልኳት። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሙሉ ሳቀችና «እንግዲያው ኑሮዬ በሙሉ ዱ ነው» አለች።

እማማ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ የአክብሮቱን ነው። «ለአንቱ ምን ይላሉ?»

«ዩ።»

«ለአንቺስ?»

«ዩ።»

«ለውሻስ?»

«ለውሻም ዩ ነው፣ እማማ።»

«ኧረ ወዲያ! ይህ ቋንቋ አሳዳጊ የለውም!» አሉ። ተስፋ ግን አልቆረጡም። አንደበቱ የነፈጋቸውን አክብሮት አንገታቸው ላይ አደረጉት፤ ለአሮጊቷ ዩ ሲሉ ጎንበስ ይላሉ፣ ለህንዳዊቷ ዩ ሲሉ ቀና። ትንሽ ቆይቶ ህንዳዊቷም ለእማማ ዩ ስትል መጎንበስ ጀመረች። ደረጃችን ላይ እንግሊዝኛ አንቱታ ያበጀው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ የምመልሰው እኔ በትምህርት ቤቴ ሦስት ዩኒት ውስጥ ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው፦ የማትሪክ እንግሊዝኛ እዚህ በዩኒት ይከፈላል። አምስት ያለው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይደርሳል፤ ሦስት ያለው በሩን በመስኮት ያያል። ሦስት ዩኒት ክፍል ማለት አስተማሪዋ ፊልም ከፍታ ስልኳን የምታይበት ክፍል ነው። እንድዛወር የእንግሊዝኛ አስተባባሪዋን ለምኛለሁ። ሳትፈትነኝ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ሦስቱን በደንብ ጨርሺ፣ ነሽማ። ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምታወሩት፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?» አለችኝ። ነሽማ ማለት ነፍሴ፣ የእኔ ቆንጆ እንደማለት ነው። በነፍሴ ብላ ነው በሩን የዘጋችብኝ።

ነገሩን ለመጠለያው ሰዎች አልነገርኳቸውም ነበር። ያወቁት ጋሼ በላይ አንድ ማክሰኞ «‹ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር› እንዴት ይባላል?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው። ጀመርኩና መሃል ላይ ተያዝኩ። «ጋሼ፣ ይህ እኛ ክፍል ውስጥ አይሰጥም። አምስት ዩኒት ላይ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የሚለው ነገር። የጸጸቱ።»

«ጸጸት የማይደረስበት ክፍል ምን ዓይነት ክፍል ነው?» አሉ። ሙሉ ደግሞ ቆሎዋን አስቀምጣ «ቆይ፣ አንቺ እኛን እያስተማርሽ ታች ክፍል ነው ያስቀመጡሽ?» አለችኝ።

እማማ ወሰኑ። «ሽማግሌ ይላካል።»

«እማማ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም። ማመልከቻ ነው የሚገባው።»

«ወረቀት ማን ያፍረዋል? የሚታፈረው ሰው ነው።»

በዓላቱ አልፈው የመጀመሪያው ዝናብ አሸዋውን ባረጠበበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጸሐፊዋ ክፍል መጥታ «ቤተሰቦችሽ ቢሮ ናቸው፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ስገባ ጋሼ በላይ የሠርግ ሱፋቸውን ለብሰዋል። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። በመሃላቸው አባባ ተገኘ ዘንግ ይዘው ቆመዋል፤ የእማማ ወንድም ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይማሩም፣ የመጡት ግርማ ሞገስ ስላላቸው ነው። ከፊታቸው ሦስት ባዶ ወንበሮች። ከወንበሮቹ ኋላ አስተባባሪዋ፣ ፊቷ እንደ ግድግዳው ነጭ ሆኖ። በሩ ላይ ዘበኛው፣ እጁን የመገናኛ ሬዲዮው ላይ አድርጎ።

በእኛ ልማድ ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ሲሄድ ቆሞ ነው የሚለምነው። «ተቀመጡ» ቢባል «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ይላል። ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ የሚሰጥ ክብር የለም። እነዚህ ሰዎች ያንን ክብር ሳይቆጥቡ ይዘውላት መጥተዋል፤ እሷ ዘበኛ ጠርታለች።

«ለምንድን ነው የማይቀመጡት?» አለችኝ በዕብራይስጥ። «ወንበር ሰጠሁ፣ ውሃ ሰጠሁ።»

«ልመና ይዘው ነው የመጡት። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ላንቺ ክብር ነው።»

«ይህ ክብር አይደለም፣ ግፊት ነው። እኛ በግፊት አንሠራም።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ በላይ።

«እያሰበች ነው» አልኩ።

አባባ ተገኘ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጀመሩ። «ልጃችን ልጅሽ ናት። እኛ አልተማርንም፣ አንቺ ተምረሻል። እጃችን ባዶ ነው፤ የያዝነው ሽበታችንን ነው። ይህችን ልጅ ከላይኛው ክፍል አስገብተሽ አክብሪን።» አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሐፍረት ይሁን ከንዴት ያኔ አላወቅሁም፤ አሁን አውቃለሁ፣ ንዴት ነው። አስተባባሪዋ ሰዓቷን አየች። ኮሪደሩ ላይ ርእሰ መምህሩ እንግዶች ይዞ ሲመጣ ይሰማል።

«ቶቭ፣ ቶቭ» አለች። «ቤሴዴር። ይሂዬ ቤሴዴር።»

ያንን ለመተርጎም እኔ አላስፈለግሁም። እሺ፣ ይስተካከላል ማለት ነው፤ ከመጡበት ቀን ጀምሮ የሚያውቁት ዕብራይስጥ እሱ ነው። ተቀመጡ። ውሃቸውን ጠጡ። አባባ ተገኘ መረቋት፣ ጋሼ በላይ ትከሻዋን ሳሙ። እማማ ቢሮው ውስጥ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ዘበኛው ሬዲዮው ውስጥ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

ረቡዕ ደብተሬን ይዤ አምስት ዩኒት ክፍል ገባሁ። አስተማሪው ስም ጠራ። የእኔ ስም የለም። አስተባባሪዋ ተጠራች፤ መጥታ ኮሪደሩ ላይ አወጣችኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«አንቺ። ሰኞ። ሽማግሌዎች ፊት።»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ እንኳን አልነበረም፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። «ነሽማ፣ እንዲቀመጡ ብዬ እኮ ነው! አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው። አንቺ ይገባሻል።»

ይገባኛል! ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ማታለሏ ሳያንስ እኔን ተባባሪዋ ልታደርገኝ ነው። በጎንደር ሽማግሌ የረገጠ ሰው ማኅበር አይገባም፣ ሰው ማዕድ አይጋራውም። እሷ ግን መርገጧን እንኳን ሳታውቅ ጫማዋን እያንኳኳች ልትሄድ ነው።

ተመልሼ ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ቆማ «ተቀመጪ ከፈለግሽ» አለች። «ስምሽ ግን ከዚህ የለም። የምትፈተኚው ሦስቱን ነው።»

በቀጣዩ ማክሰኞ መጠለያው ውስጥ ሁሉም ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። «ክፍሉ እንዴት ነው?» አሉ እማማ። አባባ ተገኘም ወሬውን ሊሰሙ መጥተዋል። እውነቱን ብናገር ምን እንደሚሆን አየሁ፤ ክፍሉን እኔ ብቻ አላጣም። ሰፈሩ የሚታረቀውም የሚዳረውም በእነዚያ በሦስቱ ቃል ነው፤ ቃላቸው ቢሮ ውስጥ እንደ ዝንብ መባረሩን የምነግራቸው እኔ ልሆን? «ጥሩ ነው» አልኩ።

ስለዚህ ዓመቱን በሙሉ ስሜ በማይጠራበት ክፍል ተቀመጥኩ፤ የእነሱ ልመና ውሸት እንዳይሆን። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚያንጠባጥብበት ጥግ ነበር ቦታዬ። አስተማሪው አያባርረኝም፣ አይጠይቀኝም፤ ወረቀት ከተረፈ ይሰጠኛል፣ ካልተረፈ ከጎኔ ካለው እቀዳለሁ። የጻፍኩትን አንድም ቀን አላረመልኝም። ያዳመጥኩትን ማክሰኞ ማክሰኞ መጠለያው ውስጥ አውርጄ አካፍላለሁ።

«ጸጸት ደረሳችሁ?» አሉኝ ጋሼ በላይ አንድ ቀን።

«ደረስን፣ ጋሼ።»

አስተማርኳቸው። መንደሪናቸውን አስቀምጠው፣ እየቆጠሩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሠሩ፦ «ልጅ ሆኜ መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም እማር ነበር።» አንድም ስህተት አልነበረውም።

በፈተናው ቀን የሦስት ዩኒት ወረቀት ሰጡኝ። ቶሎ ጨርሼ ወጣሁና ባሕሩ ዳር ሄጄ እግሬ እስኪዝል ተራመድኩ። አምስቱን ያገኘሁት ከሠራዊት ስወጣ በግሌ ተመዝግቤ፣ ቀን ሥራ ውዬ ማታ አጥንቼ ነው። ውጤቱ ሲመጣ እማማ እልል አሉ፤ ለእሳቸው ያ ሰኞ ዘግይቶ ያፈራው ፍሬ ነው። እኔም አላረምኳቸውም።

ትናንት አውቶቡሱ እስኪያደርሰኝ ይህ ሁሉ አለፈብኝ። ደረጃውን እንደወጣሁ የእማማን በር አንኳኳሁ። አባባ ተገኘ ካረፉ ቆይተዋል፤ እማማ እንዳሉት በእሳቸው ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ።

«እኔ ምኔ ሽማግሌ ነው፣ እማማ?»

«አፍሽ። ዕድሜሽን ማን ጠየቀሽ?»

የሙሉን ልጅ አውቃታለሁ። እንደኔ ቁጡ ናት፤ በሩን በመስኮት አይታ የምትቀር ልጅ አይደለችም። ትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፣ አስተባባሪዋም ሌላ ናት፤ «ይሂዬ ቤሴዴር» ግን በየቢሮው ያው ነው። ተናደድኩ፣ ግን በዚህ ጊዜ ንዴቱ የሚውልበት ቦታ አገኘ።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ። «አንድ ነገር ግን፣ እማማ። እኔ ሳልቀመጥ እንዳይቀመጡ።»

«ምነው? ያን ጊዜ ወዲያው እሺ አለችን እኮ!»

«ነገ ‹እሺ› አይበቃንም። ክፍሉ በር ላይ ቆመን የልጅቷ ስም ሲጠራ በጆሯችን ሰምተን ነው የምንቀመጠው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ አልጠየቁኝም፣ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አሹ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። «ግን እቆማለሁ።»