አስፋልት ላይ የተቋጨው ሽምግልና

ከቤቴ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በባጃጅ ነው። ሰው ጉልበቱን ቢያመው ነው ይላል፤ እኔም አላስተባብልም። እውነቱ ስንፍና ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት የሆሳዕና ከተማ ዋና መንገድ ለመኪናና ለባጃጅ ዝግ፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ክፍት ይሁን ሲባል አጥብቄ ተቃወምኩ። የሰማኝ የለም።

መንገዱ በተዘጋበት የመጀመሪያ እሁድ ለወንድሜ ልጅ ሽምግልና ቀጠሮ ነበረን። የልጅቷ አባት የሺንሺቾ ተወላጅ፣ እዚሁ ሆሳዕና የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ባለፈው አርፍደን ብንሄድ፣ “ሰዓት ለማያከብር ቤት ልጄን አልሰጥም” ብለው መልሰውናል። አሁን ቤታቸው በሦስት ሰዓት ቀጥረውናል። ዛሬም ካረፈድን አበቃ።

አብሮኝ ሽማግሌ ከሆነው አብሮ አደጌ ጋር በእግር ወጣን። ርቀቱ ምንም አልነበረም። ግን ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰው እጁን አንስቶ ያልፋል፤ እግረኛ ቆሞ መጨባበጥ፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ እንሰቱን መጠየቅ አለበት። ከተማው ደግሞ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የአንዱን ላም ጤንነት ሳንጨርስ ሌላው ይይዘናል።

“ኧረ ዝም ብለህ እለፍ!” አለኝ አብሮ አደጌ።

“አልፌ ልሂድና ቀብሬ ላይ ማን ይቁም?”

ሦስት ሰዓት አለፈ። የወንድሜ ልጅ በብስክሌት እየከነፈ መጣ።

“ጋሼ፣ ልጅቷን አሳጡኝ እኮ! ብስክሌቱ ላይ ከኋላዬ ይውጡ።”

በሙሉ ልብሴ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ጥቂት እንደሄድን አባትየውን አየኋቸው፤ አንዲት ሴት እጃቸውን ይዛ ስለ በሬያቸው ትጠይቃለች።

“እርስዎም እዚህ ነዎት?” አልኩ እየወረድኩ።

“ከጠዋት ጸሎት ስመለስ ያዙኝ።” ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። ስለ ሰዓት ያነሳ የለም።

አብሮ አደጌ እያለከለከ ሲደርስ እዚያው ጠየቅናቸው። በእኛ ደንብ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ አስፋልት ላይ ወንበር ስለሌለ ደንቡን ያለ ምንም ፈተና አከበርኩ።  አባትየው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ በመሐረባቸው ጠረጉና፣ “ተቀመጡ” አሉ።

ተቀመጥን። የወንድሜ ልጅ ብስክሌቱን ጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በመንገዱ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ፤ መንገደኛው ለምርቃት ከበበን። ከሰዉ ኋላ የብስክሌት ደወል ሳያቋርጥ ይጮሃል።

“አባቶች፣ መንገድ ዘጋችሁ!” አለ አንድ ድምፅ።

ምርቃቱን አሳጠርኩለት።