እታለም የሰማችው መጨረሻ

ልጅ እያለሁ፣ ቢቸና ውስጥ መጽሐፍ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍሎ ነበር የሚነበበው። የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን አንድ ወፍራም የድሮ ልብ ወለድ ለክፍሉ ሁሉ ማዳረስ ቢያቅታቸው አምስት ቦታ ቀደው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በማዳበሪያ ክር ሰፍተው አደሉን። የጨረሰ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ከባለታሪኮቹ ነጻ የወጣው ማነው?

ሁሉም በደረሰው ቁራጭ ተከራከረ። የባለርስቱን ልጅ ያነበቡት፣ ነጻነት ማንም የማያውቅህ አገር መግባት ነው አሉ። «ነጻ ወጥተሃል» ሲባል ከጌታው ደጅ አልሄድም ያለውን አሽከር ያነበቡት ደግሞ፣ ነጻ ሰው መቅረትም መብቱ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ለእኔ መበለቲቱ ደረሰችኝ። የእሷ ነጻነት በራሷ ቁልፍ የሚዘጋ አንድ በር ነው። እኔማ ተናድጄ ነበር፤ ለአንዲት ቁልፍ ይህን ያህል ገጽ!

ነገሩ የገባት እታለም ናት። እታለም የምንላት የአባቴን ታናሽ እህት ነው፤ ሞጣ ያለውን ባሏን ጥላ ቢቸና እኛ ቤት ከመጣች ሦስት ወር ሆኗታል። ፊደል አልቆጠረችም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥጥ እየፈተለች ታስነብበኛለች፤ መበለቲቱ ጋ ስንደርስ እንዝርቷ ይቆማል። አባቴ ይህን ሲያይ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። እሁድ የሞጣ ሽማግሌዎች መጥተው አስታርቀው ሊወስዷት ቀን ተቆርጧል። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁላችንም አይተነዋል፤ ከምን እንደመጣ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት «የሴትዮዋን መጨረሻ ሳልሰማ ሽማግሌ ፊት አልቀርብም» አለችኝ። የመጨረሻው ቁራጭ እጄ ገብቶ፣ ብቻዬን አንብቤው ነበር። መበለቲቱ ቁልፏን አስረክባ የባሏ ወንድም ቤት ትገባለች። እታለምን አየት አደረግኋትና መጽሐፉን ዘርግቼ፣ ድምፄን እንደ መምህራችን ጎርነን አድርጌ፣ ከሆዴ እየፈጠርኩ አነበብኩላት። መበለቲቱ በሯን ዘጋች፤ እዚያው አረጀች፤ ማንም አላስወጣትም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። እታለም ምሰሶውን ተደግፋ ሰማቻቸውና «አባቶቸ፣ ደክማችሁ መጥታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን አልመለስም» አለች። አባቴ ዓመት ሙሉ አኮረፋት። እሷም ከብት ተራ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በርበሬ እየቸረቸረች ኖረች። እኔ ግን ሰላም አጣሁ። ሲከፋት ባየሁ ቁጥር፣ ሰው በእኔ ውሸት ላይ ኑሮ መሠረተ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

አሁን እኔም ሞጣ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያንኑ ልብ ወለድ ስልካቸው ላይ ሙሉውን ያገኙታል፤ ለመጨረሻው ማንንም አይለምኑም። እኛ ቁራጩን ይዘን የተጣላነውን ያህል ግን ሲጣሉበት አላየሁም። ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ወርጄ፣ ፀጉሯ ለሸበተው እታለም ኃጢአቴን ተናዘዝኩ። ከት ብላ ሳቀች።

«አንች ልጅ፣ ፊደል ባልቆጥር ዓይን የለኝም? ያን ሁሉ ስታነቢ አንድ ቅጠል አልገለጥሽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በልቤ አልመለስም ካልኩ ቆይቸ ነበር። እናንተ ቤት ግን ቅሪ የሚለኝ አንድም ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን አንድ አገኘሁ።»

በውሸቴ መጨነቅ የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አዳንኳት ብዬ በስውር መኩራቱንም።