የተጣሉት ቧንቧዎች ሲታረቁ

ኤርሜሊንዳ ተቀምጣ ስትበላ ያየ ሰው በሳን ሜሌሲዮ መንደር የለም። የበቆሎ ቂጣ ቶርቲያዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ዶሮ ታባርራለች። ባቄላው እሳት ላይ እያለ ወጥታ የአጥሩን ሽቦ ታጠብቃለች። ስልሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ቀኝ እግሯ ግን ዛሬም እንደ ልጅነቷ ወለል ሲደበድብ ይውላል። ነፍሱን ይማረውና ባሏ «እኔ ያገባሁት ሴት ሳይሆን ነፋስ ነው» እያለ ያማርር ነበር። እውነቱን ነው፤ የሴትዮዋ ሥራም ከጥንቱ ነፋስ ነበር።

ነፋሱ በቧንቧዎች ውስጥ እየነፈሰ የሚዘምረው የትልቁ ኦርጋን ነው። አባቷ ዶን ማሴዶኒዮ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ነበሩ። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ኦርጋኑ ወዳለበት ሰገነት አትወጣም። ይህቺ ቁንጥንጥ ግን እታች ስትቀመጥ አግዳሚ ወንበሩን እየረገጠች፣ የሴቶቹን ሻሽ እየጎተተች ሕዝቡን ስላስመረረች፣ አባቷ አንድ እሑድ በክንዷ አንጠልጥለው አወጧትና ከኦርጋኑ ጀርባ ካሉት ሁለት ወናፎች ጋር አቆሟት። ወናፎቹ በገመድ ይነሳሉ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። ለአፍታ ከተዘናጉ ኦርጋኑ ዜማው መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት እያቃሰተ ይሞታል። መቀመጥ የማይችል ልጅ የሚፈለግበት ሥራ ቢኖር ይሄ ነው። እጇ ገመዱን ይጎትታል፣ እግሯ ሳንቃውን ይደበድባል፣ አባቷ ከፊት ሆነው ይጮሃሉ፤ «እግርሽን አሳርፊ!» አላሳረፈችም።

ያ ኦርጋን በጣም ያረጀ ነው። ከፊት የተደረደሩት ቧንቧዎች ላይ አፋቸውን የከፈቱ ፊቶች ተስለውባቸዋል፤ አንዱ ጥርስ የለውም። የመንደሩ ሰው ለዜማው እምብዛም ደንታ የለውም። የሚወደው በጎን በኩል ያሉትን፣ እንደ እጀታ የሚሳቡ ሦስት የእንጨት መሳቢያዎች ነው። አንዱ ሲሳብ ቃጭል የታሰረበት መንኮራኩር ይዞራል። ሁለተኛው ወፎቹ ናቸው፤ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች አፋቸውን ውሃ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ደፍተው ይንጫጫሉ። ልጆች የገና ዋዜማ የሚመጡት ለሕፃኑ ሳይሆን ለወፎቹ ነው ቢባል ካህኑ አይቀየሙ። ሦስተኛው ከበሮው ነው።

ከበሮ ይሉታል እንጂ ቆዳ የለውም። ግድግዳውን ተጠግተው የቆሙ ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ቧንቧዎች ናቸው። ድምፃቸው አንድ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ያችን ጥቂት ይዘው ይጣላሉ፤ ድም፣ ድም፣ ድም የሚለው ጠባቸው ነው። በበዓሉ ቀን ያ ድምፅ ካልመጣ የቅዱስ ሜሌሲዮ ምስል ከመንበሩ አይነሳም። አራቱ ተሸካሚዎች ትከሻቸውን አስገብተው ይጠብቃሉ፤ የሙዚቃ ባንዱ በደጅ ይጠብቃል፤ ርችት ተኳሹም ክብሪቱን ይዞ ይጠብቃል። ከበሮው ሲጀምር ቅዱሱ ይነሳል፤ ተሸካሚዎቹም በከበሮው ምት ይራመዳሉ። ምቱ ከስፔኖች አገዛዝ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም ይላሉ፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው መስካል አረቄ የሚቀዳለት የለም።

ዶን ማሴዶኒዮ አሁን ወደ ዘጠና ተጠግተዋል። ጠመዝማዛው ደረጃ ለጉልበታቸው እምቢ ካለ ቆየ፤ ኦርጋኑን የምትመታው ልጃቸው ናት፤ ወናፉን የመንደር ልጆች ያነሱላታል። ጆሯቸውም ቀስ በቀስ ተዘጋ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ቃጭሎቹ፣ ቀጥሎ የሰው ንግግር። የቀረቻቸው ከበሮዋ ብቻ ነበረች። በበዓሉ ቀን ሰገነቱን ከተሸከመው የእንጨት ምሰሶ ሥር ይቀመጡና ጀርባቸውን ያስደግፋሉ። የከበሮው ምት በምሰሶው ወርዶ በጀርባቸው ይገባል። ያን ጊዜ የጎበጠው ወገባቸው ቀና ይላል፣ በትራቸውም ወለሉን መምታት ይጀምራል። አምና ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዷን ይዘው «አሁንም አለ» አሏት።  ኤርሜሊንዳ መንገዱን ሙሉ እንባዋን ስትውጥ ሄደች።

እንግዲህ ከበሮውን የገደለችው ይህችው ሴት ናት።

በዓሉ ሲቃረብ የሌሊት ወፍ ኩስ ልታጸዳ ወጣች። ጠርጋ ብትወርድ ጥሩ ነበር፤ ግን ምን በወጣት! ወናፉን እያነሳች ነፋሱ ሳያልቅ እየሮጠች ትንንሾቹን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ቃኘች። የወፎቹን ቆርቆሮ አጠበች። እጇ ገና ስላልጠገበ ወደ ሁለቱ ወፋፍራሞች ሄደች። የእነዚህ ጫፍ በቆዳ በተጠቀለለ ውታፍ የተደፈነ ነው፤ ውታፉ ጠልቆ ሲገባ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወጣ ሲል ይወፍራል። አባቷ ውታፍ ከመንቀልሽ በፊት ምልክት አድርጊ እያሉ ነው ያሳደጓት። እርሳሱ ግን እታች ቀርቷል። ለእርሳስ ብሎ ማን ይወርዳል! ነቀለች፣ ጠረገች፣ መለሰች። ቀኑን ሙሉ ሲቃኝ የዋለው ጆሮዋ የሁለቱን ጠብ መስማት አስጠላውና ሳታስበው ውታፉን መታ መታ አድርጋ አስታረቀቻቸው። አንድ ወጥ የሆነ፣ የተረጋጋ፣ ያማረ ድምፅ ወጣ። ፈገግ አለች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ገባትና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

ውታፉን ትንሽ አወጣችው። ከበሮው መጣ፤ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። መለሰችው። አሁን ደግሞ እንደ ጠገበ በሬ ያዛጋል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችውን ምት በአእምሮዋ ፈለገች፤ ድራሹ የለም። ስታወጣ ስትከት፣ ስትወጣ ስትወርድ ዋለች፤ ምቱ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል፣ ያኛው ግን አልተመለሰም።

ቤት ስትገባ አባቷ የበዓል ባርኔጣቸውን እየቦረሹ ነበር። ቀና ብለው «ደህና ነው?» ሲሏት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ዋሸቻቸው። መንደሩ ይስቅብኛል ብላ አልነበረም የተጨነቀችው፤ የሚስቅ ይሳቅ። አባቷ ምሰሶውን ተደግፈው ሲጠብቁ ከበሮው አይመጣም። ያን ጊዜ ቧንቧው ነው አይሉም፤ እኔ ነኝ ይላሉ። የቀረችኝም ሄደች ብለው ቤት ገብተው ይተኛሉ፤ ከዚያ መኝታ ደግሞ አይነሱም። ይህንን ስታስብ ብድግ ትላለች፤ መንገድ ለመንገድ ትዞራለች።

የዘንድሮው ድግስ ባለቤት ኤሌውቴሪዮ የልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ነው። ከደጁ ሆኖ ጠራት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ስትመላለሽ ዋልሽ እኮ! የሰረቅሺው የቱርክ ዶሮ ካለ መልሺልኝ።»

«ከበሮውን ገደልኩት፣ አበልጄ።»

«የምን ከበሮ?»

«የኦርጋኑን። ቧንቧዎቹን አስታረቅኋቸው።»

ኤሌውቴሪዮ የያዘውን መስካል ጠጣና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ የምደግስበትን ዓመት ጠብቀሽ? አምና ያ ኩራተኛ ሲደግስ እጅሽ የት ነበር?»

«አታላግጥብኝ!»

«ማን አላገጠ? እያለቀስኩ ነው እንጂ።» ብርጭቆውን እንደገና ሞላ። «ስሚ፤ የባንዱን ከበሮ መቺ ከኋላሽ እናስቀምጠው። አንቺ ኦርጋንሽን ምቺ፣ እሱ ይደልቅ። ተሸካሚ እንደሆነ ድም የሚል ነገር ካገኘ ይሄዳል።»

«አባቴስ?»

«አይሰሙ! በምን ይለዩታል?»

ልቧ አላመነበትም፤ ግን ሌላ መላ አልነበራትምና እሺ አለች።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተሸካሚዎቹ ባዶውን መሸከሚያ ይዘው ይለማመዳሉ። ዶን ማሴዶኒዮ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ፣ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኤርሜሊንዳ መሳቢያውን የሳበች መሰለች፤ ከኋላዋ የባንዱ ከበሮ መቺ ቆዳውን ደለቀው። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ግን ከበሮው ከሰውየው አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከምሰሶው ጋር ምን ያገናኘዋል? ከሰገነቱ አፍ ላይ ቁልቁል አየች። ተሸካሚዎቹ ተነስተው በአባቷ ፊት እየተራመዱ አለፉ። ሽማግሌው እግሮቹን አዩ፤ ሁሉም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወድቃሉ። እሳቸው ያልሰሙትን ነገር ሁሉም ሰምቷል። በመዳፋቸው ከኋላቸው ምሰሶውን ፈለጉ፤ ጫን አሉት፤ ደግመው ጫን አሉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አቁሙ!» ብላ ጮኸች። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ፊታቸው ተንበርክካ አገጫቸውን ይዛ ከንፈሯን አሳየቻቸው።

«እርስዎ አይደሉም፣ አባዬ። እኔ ነኝ።» ሁለት ጡጫዎቿን አራርቃ ቀስ ብላ አገናኘቻቸው።

ሽማግሌው ጡጫዎቹን አዩ። «አስታረቅሻቸው?» ደንቆሮ ስለሆኑ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ምልክት ሳታደርጊ?»

«እርሳሱ እታች ነበር።»

«ቀልቃላ!» አሉ። ቁጣው ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ፊታቸው ፈካ። «ጆሮዬ አይደለማ!» ደግሞ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው፣ «ሰማችሁ? ጆሮዬ አይደለም! እሷ ናት!» እያሉ እንደ ምሥራች አበሠሯቸው። ኤርሜሊንዳ በአንድ ጊዜ አፍራም ተደስታም አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ደረሱባት።

«አውጡኝ» አሉ ዶን ማሴዶኒዮ።

አንዱ ተሸካሚ አዘላቸው፣ ሌላው ከኋላ ደገፋቸው። ኤሌውቴሪዮ ከታች ሆኖ፣ «ቀስ! ቅዱሱን ነገ እንዲህ ካጋጫችሁት የሰማይ ከበሮም አያድናችሁ!» እያለ ያዛል። ተከትሏቸው ሲወጣ ለእሱም ሥራ አልጠፋ፤ ከወናፉ ገመድ ጋር አቆሙትና ላቡ ይንጠፈጠፍ ጀመር። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሁለቱ ቧንቧዎች ላይ አስደግፈው ቆሙ። ኤርሜሊንዳ በርጩማ ላይ ወጥታ ውታፉን አስገባች፣ አወጣች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም። እንደገና። አይደለም። ኤርሜሊንዳ ተስፋ ቆረጠች።

«ውረጂ» አሏት። «ወናፉ ጋ ሂጂ።»

«እኔ? ውታፉንስ ማን ይይዛል?»

ሽማግሌው ለኤሌውቴሪዮ ደግፈኝ ብለው ምልክት ሰጡት፣ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ ባዶ እግራቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉ፣ እጃቸውን ወደ ውታፉ ዘረጉ። ኤርሜሊንዳ ገመዱን ይዛ ማንሳት ጀመረች።

«እግርሽስ?» ብለው ጮኹ።

«ምን ሆነ እግሬ?»

«ምቺው! እንደ ድሮሽ!»

ዕድሜዋን ሙሉ እምቢ ብሎ የኖረ እግር፣ በተፈለገ ሰዓት በድን ሆነ። አንዴ መታች፤ እንደ ወታደር ሆነባት። ኤሌውቴሪዮ «ወይ ጉድ! ዛሬ ታመመ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አባቷ በእጃቸው ተይው፣ ጎትቺ ብቻ አሏት። ጎተተች። ጎተተች፤ ስትጎትትም ባቄላውን እሳት ላይ ጥዳ መውጣቷ ትዝ አላት። ይሄኔ አሯል፤ ድስቱም አይተርፍ፤ ይሄ ሁሉ መቼ ሊያልቅ ነው! እግሯ ሳታዝዘው ሳንቃውን መደብደብ ያዘ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ውታፉን በጣም ቀስ አድርጎ ገፋው፣ ጥቂት መለሰው፣ ቆመ።

ድም፣ ድም፣ ድም።

«ይሄውልሽ» አሉ ዶን ማሴዶኒዮ። «እኔ ኦርጋኑን ስረከብ ከበሮው ሞቶ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የገደለው። ምቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አልነበረም። ስሞክር ስሞክር ሰለቸኝ። አንቺ ደግሞ ከኋላዬ ትደበድቢያለሽ፣ ትደበድቢያለሽ። በእግርሽ ቃኘሁትና ተገላገልኩ።»

ኤሌውቴሪዮ ሽማግሌውን እንደያዘ አፉን ከፈተ። «ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ የስፔኖቹ ዘመንስ?»

ሽማግሌው ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጉ ነበር።

«ቅዱሳችን እስከ ዛሬ በዚህች ሴት እግር ነው የሚራመደው?»

«አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ኤሌውቴሪዮ!» አለች ኤርሜሊንዳ። ገመዱን ግን አልለቀቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር። «ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ዘመን አሳርፊ ይሉኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ግን ከንፈሯን አላዩም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸውን አስገቡ፣ ደጅ ያለው ባንድ ዝም አለ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ዝም አሰኙ። ዶን ማሴዶኒዮ ባርኔጣቸውን ደፍተው ምሰሶውን ተደግፈዋል። ኤርሜሊንዳ መሳቢያውን ሳበችና እየፈራች ቁልቁል አየች። ከበሮው በምሰሶው ወረደ። ቅዱሱ ከመንበሩ ተነሳ፣ የጎበጠውም ወገብ ቀና አለ። ቀና አለና ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ሰገነቱ አቅንተው፣ ከከበሮው በቀር ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፤

«ኤርሜሊንዳ! እግርሽን አሳርፊ!»