የትውልድ ቦታ፦ ጅዳ

ባለፈው ሳምንት ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አንዲት ሴት አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛ ገባች። ልጁ አማርኛውን በዓረብኛ እየቀላቀለ ውኃ ይጠይቃታል። የትምህርት ቤት ቅጽ እንድሞላላት ሰጠችኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም ጻፍኩ። የትውልድ ቦታ ላይ ስደርስ፣ «ላሊበላ በይው በቃ፤ ጣጣ የለውም» አለች።

«የት ነው የተወለደው?»

«ሪያድ።»

«እንግዲያ ሪያድ ነው የምጽፈው።»

ተቆጣች። እኔም ተቆጣሁ። የሱቁ ባለቤት «አንች ልጅ፣ ደንበኛ አታባሪብኝ» አለኝ። ንዴቴ ከየት እንደመጣ እሱ አያውቅም።

እኔም የተወለድኩት ጅዳ ነው። እናቴ የሺና አባቴ አበጀ ላሊበላ አጠገብ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ያለ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ በተለያየ ጊዜ ተሰደው እዚያ ተጋቡ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው ለእኔ የልደት ወረቀት የሚሰጥ አልተገኘም። እዚያ መወለድ የዚያ አገር ሰው አያደርግም። ትምህርት ቤት የሚቀበለኝ ሲጠፋ፣ በአምስት ዓመቴ ከተመላሾች ጋር ወደ እናቴ ታላቅ ወንድም ወደ መኮንን ላኩኝ። የመጣሁበት የጉዞ ወረቀት አየር ማረፊያ ቀረ። የመንደሩ ልጆች «ዓረቧ» ይሉኝ ነበር። ያልፈነከትኩት ጥቂቱን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ለፈተና ልንመዘገብ ስንል የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ተባለ። የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። መንገዱ ለበዓሉ ወደ ላሊበላ በሚሄድ ተጓዥ ተሞልቷል፤ ከኮን፣ ከወገል ጤና በእግራቸው የመጡ ሰዎች ብርዱን በጋቢ ተሸፍነው መንገድ ዳር ያርፋሉ፣ በሶ ይበጠብጣሉ። ገብሱ ታጭዶ ተወቅቶ አልቋል፤ አውድማው ባዶ ነው፤ ነፋሱ ገለባውን ዓይን ውስጥ ይጨምራል። ያኔ ሳስተውል፣ ከእነዚያ ሁሉ ተጓዦች አንዱም «የት ተወለድሽ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ነው። ይህን ቀበሌ አያውቀውም።

አያ መኮንን ደግ ሰው ነው፤ ግን ጣጣ አይወድም። ቀበሌ ጠይቆ ተመለሰና፣ «ውጭ ከተወለደች ኤምባሲ ምናምን ይላሉ። ምዝገባሽ ደግሞ ዓርብ ያልቃል። የእኔ ልጅ ነሽ፣ እዚሁ ተወለድሽ፣ አለቀ» አለኝ።

«ስሜስ?»

«ዝናሽ መኮንን። ምን ይለዋል?»

«የሰው ስም ነው።»

«ያሳደገሽ ማን ሆነና ነው የሰው?»

እውነቱን ነበራ። ግን ኪሩቤል አለ። ኪሩቤል ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያኔ እዚያው ጅዳ ነበር፣ እሱም ያለ ወረቀት። ለእናቴ ደወልኩ።

«እሺ በይው ልጄ» አለችኝ። «ወረቀት እኮ ነው።»

«ነገ ኪሩቤል ሲመጣስ? የአጎቱ ልጅ ልሆንለት ነው?»

«አላውቅም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አድሬ ለአጎቴ፣ «ቢያንስ የእናቴን ስም አላስነካም» አልኩት። ወዲያው ተስማማ። ምን እንደተስማማን ሁለታችንም አላስተዋልንም።

ቀበሌ ሦስት ምስክር ይዘን ሄድን። ሁለቱ የአጎቴ ባልንጀሮች ነበሩ፤ ምን እንደሚሉ ነግሯቸዋል። ሦስተኛዋ ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ናቸው። ለእሳቸው ምንም ለመንገር ደፋር አልተገኘም።

የምዝገባ ሠራተኛው በእሳቸው ጀመረ። «ይችን ልጅ ያውቋታል?»

«ሳትወለድ ነው የማውቃት!»

«የት ተወለደች?»

«እዚሁ ነዋ። ገንፎዋን ያገነፋሁት እኔ፣ እልል ያልኩት እኔ።»

ሠራተኛው ጻፈ። «እናት፣ የሺ።»

«አዎ፣ የሺ።»

«አባት፣ መኮንን።»

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ማን?»

«መኮንን። እኒህ የቆሙት።»

«በማርያም! እህቱን አገባ ልትለኝ ነው?»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አንተ መኮንን! በጾም ቀን ምን ታሰማናለህ?» አሉ። አጎቴ አንገቱን ደፋ። አንዱ ባልንጀራው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሸሸ።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሐሰት ምስክርነት እንደሚያስቀጣ ታውቃላችሁ?»

«አባቴ አበጀ ነው» አልኩ። «የተወለድኩትም ጅዳ ነው።»

«ገንፎሽን በላሁ እያልኩ ምን ጅዳ ታመጫለሽ?» አሉ እማማ ጥሩ።

አልዋሹም። በእኛ መንደር ሴት ስትወልድ ጎረቤት ተሰብስቦ እልል ብሎ ገንፎ ይበላል። እናቴ ጅዳ ስትገላገል ወሬው በስልክ መጣ፤ ያኔውኑ አያቴ ቤት ገንፎ ተገነፋ፣ ቅቤና በርበሬው መሃሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ለእማማ ጥሩ ጅዳ የሄደችው እናቴ ናት፤ ልጅ የተወለደው ገንፎው ከተበላበት ነው።

ሠራተኛው ግን ገንፎ አይመዘግብም። «ውጭ ከተወለድሽ እዚህ ምን አመጣሽ? የተወለድሽበት አገር ይመዝግብሽ።»

«እዚያ የኢትዮጵያ ልጅ ነሽ ብለው ትምህርት ቤት ከለከሉኝ። እዚህ ደግሞ የጅዳ ልጅ ነሽ ይሉኛል። አየር ላይ ልቁም?»

ከቦርሳዬ የሥነ ዜጋ መጽሐፌን አውጥቼ ስለ ዜግነት የሚለውን ገጽ ገለጥኩለት። ከእናትና ካባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የትም ይወለድ።

«ይኼ የተማሪ መጽሐፍ ነው» አለኝ።

«ውሸት ከሆነ ለምን እፈተንበታለሁ?»

አጎቴ እጄን ጎተተኝ። አልተነቃነቅኩም። «እማማ የት እንደተወለድኩ ቢሳሳቱም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልተሳሳቱም። የመጡት ለዚያ ነው። እሱን ይጻፉልኝ።»

ሠራተኛው ስልኩን ይዞ ወጣ። ወረዳ ደወለ። በመስኮቱ አሻግሬ አየዋለሁ፤ ሲናገር ቆየ፣ ከዚያ ሲሰማ ቆየ። ሲመለስ ዓይኔን አላየኝም። «ምስክር ካለ ይመዘገባል ብለዋል። አባቷን አበጀን የሚያውቅ አለ?»

«የእሱንም ገንፎ በልቻለሁ» አሉ እማማ ጥሩ።

«እማማ፣ እሱስ እዚህ ነው የተወለደው?»

«ምጡን በዓይኔ አይቻለሁ! አሁን ደግሞ ሱዳን ነው እንዳትለኝ!»

ራሱ ሠራተኛው ሳቀ። ዝናሽ አበጀ፤ እናት የሺ፤ የትውልድ ቦታ ጅዳ፤ ዜግነት ኢትዮጵያዊት ብሎ ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

በመንገድ አጎቴ፣ «ስሜ ከበደሽ?» አለኝ።

«አልከበደኝም፣ አያ። የኪሩቤል እህት ልሁን ብዬ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ቅር እንዳለው ግን አውቃለሁ። ምናልባት እስከዛሬም ቅር ይለው ይሆናል፤ ያን ቀን ቀስ ብዬ ባስረዳው ኖሮ እላለሁ። ቀስ ማለት አልተሰጠኝም።

ኪሩቤል ዓምና መጣ። ቀበሌ ስንሄድ የእኔን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ተመሳሳይ አባት፣ ተመሳሳይ እናት። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ሹሮ አይወድም፣ እጣላዋለሁ።

ያ ሁሉ ክርክር የተደረገለትን ፈተና፣ ልንገራችሁ፣ ወደቅኩ። በጥቂት ነጥብም አይደለም፤ በደንብ ነው የወደቅኩት። ሰዎች «ታዲያ ያን ያህል ለምን ተሟገትሽ?» ይሉኛል። የወደቅኩት በራሴ ስም ነው፤ ውጤቱ ላይ ያለው አበጀ አባቴ ነው። ዘንድሮ በግል ተመዝግቤያለሁ፣ በዚያው ስም።