ከአንድ ዘንግ የተቆረጡ ሁለት ደጋኖች

ልጅ ሳለሁ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አያቴ የሚያውቁት ተረት አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሌላም ይናገሩ ነበር፤ ግን ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምርና የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠው፣ ከየትም ተነስተው ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ይመለሱ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ዘሀራ አንድ ቁርበት ላይ ተጠጋግተን እንሰማለን። ከምሰሶው ሥር የአያቴ ታናሽ ወንድም አባ ሰይድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። አባ ሰይድ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። ያኔ ሽማግሌ ሁሉ አንድ ነገር የሚጎድለው ስለሚመስለኝ፣ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሁለቱ ወንድማማቾች ማሽላቸውን ከከርከሮ ሊጠብቁ ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ታላቁ ደጋን ሠሪ ነው። ያገኘው ደህና የለንቋጣ እንጨት ዘንግ ግን አንድ ብቻ ሆነ። ለሁለት ቆረጠው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ወጣ።

እዚህ ሲደርሱ አያቴ ተረቱን ያቆሙና፣ ቀጭን ዘንግ ላይ ጅማት አስረው «ሳቡት» ይሉናል። ጅማቱ እስከ ጆሯችን ድረስ በአንድ ዓይነት ልስላሴ ይመጣል። ከዚያ ይፈቱትና ከሁለቱም ጫፍ ወደ ውስጥ አስገብተው ያስሩታል። ዘንጉ ያው ነው፤ ደጋኑ ግን አጠረ። አሁን መጀመሪያ ላይ እሺ ይላል፤ ደረት ላይ ሲደርስ ይደነድናል፤ ጅማቱም ሹል ሆኖ ታጥፎ ጣት ይቆነጥጣል።

«ወይኔ ጣቴን!» ትላለች ዘሀራ።

«ረጅሙ ትንሽ ጎብጦ ብዙ ይሳብልሻል፤ አጭሩ እዚያው ለመድረስ ወገቡ እስኪቀነጠስ መጉበጥ አለበት። ክንደ ረጅም ለሆነ ሰው አጭር ደጋን መስጠት ግፍ ነው» ይሏት ነበር።

አጭሩ የደረሰው ታናሹ ወንድም ክንደ ረጅም ነበር። ከርከሮው ሲመጣ እስከ ጆሮው ሳበ፤ ደጋኑ ተሰበረ፤ ተረቱም እዚያው ላይ ያልቃል። ስባሪው የት እንዳረፈ አያቴ አይናገሩም።

አንድ ምሽት እኔ አፈ ፈጣኗ «አባዬ፣ ታላቁ ለምን ረጅሙን ለራሱ አስቀረ?» አልኳቸው።

አያቴ በእጃቸው የያዙትን ዘንግ አገላበጡ። የመለሱልኝ አባ ሰይድ ነበሩ።

«ኧረ እሱ አይደለም ያስቀረው፣ የኔ ልጅ። ታናሹ ነው አጭሩን የመረጠ፤ ለመሸከም ይቀለኛል ብሎ። ድሮም ሰነፍ ነበር» ብለው ሳቁ።

«ዋሸህ ሰይድ» አሉ አያቴ። «ወላሂ ዋሸህ። ምረጥ መቼ አልኩህ?» ብለው ዘንጉን ከነጅማቱ እሳት ውስጥ ጨመሩት።

«ተው እንጅ አያ ይመር፤ እንጨቱ ደግሞ ምን አደረገህ?» አሏቸው አባ ሰይድ።

ጅማቱ እየተኮማተረ ሲነድ፣ የአባ ሰይድን የጠፋ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት። ተረቱን ከዚያ ወዲያ አልሰማነውም።

በቀጣዩ ክረምት አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ደሴ፣ አክስታችን ዘንድ ለትምህርት ሊልክ ሆነ። የሄድኩት እኔ ነኝ። ዘሀራ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች፤ ቁርአኑንም ቀድማኝ ነው የቀራችው። ማንም ምረጡ አላለንም፤ እኔም ለምን እሷ አትሄድም አላልኩም። ከደሴ ወዲያ ባሕር ተሻገርኩ፤ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ ሰው እየራቅኩ፣ በየቀኑ እየመረርኩ አረጀሁ። ዘሀራ ከሰፈሯ ሳትወጣ እናታችንን ጦራ ቀበረች፤ ልጆቿንም አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር ሸኘች። ስልክ የሚደውልላት የልጅ ልጇ ነው፤ ቁጥሩን ለይታ አታነብም።

ሰሞኑን በስልክ ነገሩን አነሳሁባት። «ያኔ አንች መሄድ ነበረብሽ» አልኳት።

«ኧረ በአላህ! እኔ እኮ ወድጄ ነው የቀረሁ። ላሞቹን ማን ሊያያቸው ኖሯል? ድሮም ትምህርት ያስተኛኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ሳቁ የአባ ሰይድ ነበር። አያቴ በዚያ ምሽት ያደረጉት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የገባኝ ይኸን ጊዜ ነው። በዳይ፣ የበደለው ሰው ደግ ውሸት ሲሰጠው አልቀበልም ማለት አለበት፤ እኔ ግን ያንን ውሸት ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው እንደኖርኩ አወቅሁ። «ዋሸሽ ዘሀራ» ልላት ነበር። ቃሉ መጀመሪያ እሺ አለኝ፤ ደረቴ ላይ ሲደርስ ደነደነ።

«ዝናቡስ እንዴት ነው ዘንድሮ?» አልኳት።