የቦራ አፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ የፈረስ ጋጣ ደጃፍ ላይ ነበር። ተራቹ የአባቴ አጎት አባባ ደግፌ ናቸው። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በራሽን በሆነበት ወቅት የሰፈሩን እህልና ሲሚንቶ በጋሪያቸው የሚያመላልሱት እሳቸው ነበሩ። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግንባረ ነጩን ፈረሳቸውን ቦራን ከጋሪው ፈትተው፣ ዝንቡን ለማባረር የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሰው፣ ፋኖሱን ሰቅለው ልጓሙን ማጠብ ሲጀምሩ፣ እኛ ልጆች ዓይናችን በጭሱ እያነባ ፍሙን እንከባለን። «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ማለት ትተን «የቦራ በረት» እንላቸዋለን፤ እንዳልሰማ ሆነው ይቀጥላሉ።

አንዱ ተረታቸው እንዲህ ነው። ድሮ ፈረስ ይናገር ነበር። ሰውን «ብሸከምልህ ምን ትሰጠኛለህ?» አለው። ሰው ድሃ ነበርና «እጄን» አለው። ፈረስም እጁን አምኖ አፉን ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም።

የጋሪ ልጓም ከአፍ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ብረት አለው፤ ብረቱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። አባባ የሚስቡበትን ጠፍር ሁልጊዜ ከላይኛው ቀዳዳ ያስሩታል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ሲገፋ ብቻ ወደ ታችኛው ያወርዱታል፤ እዚያ ሲታሰር ትንሽ ስበት እንኳ አፍ ላይ ይበረታል። ከልጆቹ ይህን ልብ የምለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የቁስቋም ማርያም ንግሥ ዕለት አባባን ቀበሌ ለስብሰባ ጠራቸው። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ታቦቱን ከሚያጅቡት ፈረሰኞች ጋር ካልተሰለፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ኮርቻ ተውሶ መጣ። የኮርቻ ልጓም ግን አልነበረምና የጋሪውን አነሣ። ብረቱን ቦራ አፍ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ወዲያው ይከፍትልኝ ነበር።

«የቱ ላይ ነው የሚታሰረው?» አለኝ ጌታሁን።

ለኮርቻ የቱ እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ግን አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። «ታችኛው ላይ ነዋ» አልኩት።

ጋሪ ላይ ከሩቅ ቀስ ተብሎ የሚሳበው ብረት፣ ኮርቻ ላይ በሚነጥር ልጅ እጅ ሌላ ነገር ሆነ። እልልታው ሲቀልጥ ቦራ ደነበረ፤ ጌታሁን ሳበ፤ ቦራ አንገቱን ሰቅሎ በኋላ እግሩ ቆመ፤ ጌታሁን ደግሞ ሳበ። ሲመለሱ ከአፉ የሚወርደው አረፋ ቀይ ነበር።

አባባ ከስብሰባው ተመልሰው አፉን በጨው ውኃ አጥበው «ታችኛው ላይ ማን አሰረው?» አሉ።

«እኔ» አለ ጌታሁን። እኔ ጣሳውን ይዤ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቦራ ልጓም ሲያይ ጥርሱን ይገጥም ጀመር። ልጓም የማይቀበል ፈረስ ጋሪ አይነዳበትም፤ ጋሪው ከቆመ ደግሞ የአባባ ቤት ጦሙን ያድራል። ስለዚህ በዚያ ዕድሜያቸው ፈረሱን በገመድ እየመሩ ከፊት ከፊቱ ዳገቱን በእግራቸው ይወጡ ነበር። ማታ ፍሙ ዳር ጉልበታቸውን ያሻሉ እንጂ ተረት ቀረ። ሦስት ሳምንት ቻልኩት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ታችኛው ላይ እሰር ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጌታሁን የትኛው ቀዳዳ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁሽ።»

አለቀስኩ። እሳቸውም ሳይቆጡኝ የዚያን ማታ ተረቱን ቀጠሉልን።

ቦራ ከገና በኋላ ለአባባ አፉን ከፈተ፤ ቆይቶ ለጌታሁንም። እኔ ልጓም ይዤ ስቀርበው ግን እስኪያረጅ ድረስ ጥርሱን እንደገጠመ ቀረ። አባባ «ፈረስ ምን ያውቃል?» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። ዛሬም፣ የማላውቀውን ተጠይቄ መልሱ ምላሴ ላይ ሲመጣብኝ፣ ያ የተገጠመ ጥርስ ይታየኛል። «አላውቅም» እላለሁ።